ጉድጓዱ የሚጀምረው የት ላይ ነው? «ኢ.ቲ.» የተባለው የአታሪ ጌም እንደገና ሲመዘን

ስለ ቪዲዮ ጌም ታሪክ ትንሽ ያነበበ ሰው ሁሉ አንድ ፍርድ ያውቃል፤ «በታሪክ እጅግ መጥፎው ጌም ኢ.ቲ. ነው» የሚል። ይህ ፍርድ ሲደጋገም አርባ ዓመት አልፎታል። ከሚደጋግሙት ሰዎች ብዙዎቹ ጌሙን አንድም ቀን ተጫውተውት አያውቁም። ከፍርዱ ጋር አብሮ የሚነገረው ታሪክም ያው የታወቀው ነው፤ ጌሙ ከመጥፎነቱ የተነሣ ኩባንያውን አከሰረ፣ የጌም ገበያውን ገደለ፣ በመጨረሻም በረሃ ውስጥ ተቀበረ ይባላል።

እስቲ ዛሬ ይህን ፍርድ አብረን እንየው። ጌሙ ድንቅ ነው ብዬ ልሟገት አይደለም፤ ጥፋት አለበት፣ ያውም ከባድ ጥፋት። ነገር ግን «መጥፎ ነው» ማለት ምርመራ አይደለም። ሐኪም ዘንድ ሄዳችሁ «አዎ፣ ታማችኋል» ብሎ ቢያሰናብታችሁ ምን ትላላችሁ? የት ጋ ነው ሕመሙ? ከምን መጣ? ይድናል ወይ? የአንድን ሥራ ጉድለት ስንመረምርም መጠየቅ ያለብን ይህንኑ ነው። የኢ.ቲ. ጥፋት ደግሞ ለምርመራ የተመቸ ነው፤ የት እንዳለ በጣት ማሳየት ይቻላልና።

(ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ከፊልሙ እስከ ካርትሪጁ

የስቲቨን ስፒልበርግ «ኢ.ቲ.» ፊልም አሜሪካ ውስጥ መታየት የጀመረው ጁን 11 ቀን 1982 ነው። ከሌላ ዓለም መጥቶ ወገኖቹ ምድር ላይ ጥለውት የሄዱ አንድ ፍጡር አለ፤ ኤሊየት የተባለ ልጅ ቤቱ ይደብቀዋል፤ ፍጡሩ ከተገኘው ዕቃ ሁሉ መገናኛ ሠርቶ ወደ ቤቱ ለመደወል ይጥራል። ፊልሙ በዚያ ዘመን ታይቶ የማይታወቅ ገቢ አስገባ። በዚያን ጊዜ የቤት ውስጥ ጌም ንጉሥ አታሪ ነበር፤ የአታሪ ባለቤት ደግሞ ዋርነር ኮሙኒኬሽንስ። ፊልሙን ወደ ጌም የመቀየር መብት ለማግኘት ከ20 ሚሊዮን ዶላር በላይ እንደተከፈለ በሰፊው ተዘግቧል።

ድርድሩ ያለቀው በጁላይ መጨረሻ ነው። ካርትሪጁ ለገና ገበያ መድረስ ነበረበት። እዚህ ላይ አንድ ነገር አስተውሉ። ዛሬ ስልካችሁ ላይ ያለ አፕ ችግር ቢገኝበት በሳምንቱ ማስተካከያ ይላካል። ያኔ ግን ጌሙ የሚታተመው ቺፕ ላይ ነው። ቺፑ ፋብሪካ ውስጥ አንዴ ከተሠራ በኋላ አንዲት ባይት እንኳ መቀየር አይቻልም። ለፋብሪካው፣ ለማሸጊያውና ለማጓጓዣው የሚሆነው ጊዜ ወደ ኋላ ተቆጥሮ ሲቀነስ ኮዱ ማለቅ ያለበት ሴፕቴምበር 1 ላይ ሆነ።

ሥራው የተሰጠው ሃዋርድ ስኮት ዋርሾ ለተባለ ፕሮግራመር ነው። ጥሪው የደረሰው ጁላይ 27 ነበር። ቁጠሩት፤ 36 ቀን ነው። እንዲህ ያለ ጌም በተለምዶ ወራት ይወስድ ነበር። ዋርሾ ጀማሪ አልነበረም። ከዚያ በፊት የሠራው «ያርስ ሪቬንጅ» እስከ ዛሬ ከአታሪ 2600 ምርጥ ጌሞች አንዱ ተብሎ ይጠራል። የጠፋውን ታቦት ፍለጋ የሚያሳየውን የስፒልበርግን ሌላ ፊልም ወደ ጌም የቀየረውም እሱ ነው። ስለዚህ «ችሎታ የሌለው ሰው የሠራው» የሚለው ማብራሪያ ከመነሻው ይወድቃል።

ስፒልበርግ ሐሳቡ ሲቀርብለት እንደ ፓክማን ያለ ቀላል ጌም ቢሆንስ ብሎ እንደነበር ዋርሾ ደጋግሞ ተናግሯል። ሰውየው ግን አልተቀበለም። የተለየ ፊልም የተለየ ጌም ይገባዋል አለ። ይህን ውሳኔ ያዙልኝ፤ ኋላ እንመለስበታለን።

ማሽኑን እንወቀው

ጌሙን በዛሬ ዓይን ከፍቶ መሳቅ ቀላል ነው። ግን የተሠራበትን ማሽን ሳያውቁ መተቸት ጭቃ ቤት ለምን ፎቅ አልሆነም ብሎ እንደ መክሰስ ነው።

አታሪ 2600 ገበያ የወጣው በ1977 ነው። የሥራ ሜሞሪው 128 ባይት ነው። ኪሎባይት አላልኩም፤ ባይት። መጠኑን በራሳችን ፊደል እንለካው። ዛሬ ኢንተርኔት ላይ አማርኛ በሚቀመጥበት ዩቲኤፍ-8 በተባለው ሥርዓት አንድ የግዕዝ ፊደል ሦስት ባይት ይወስዳል። ስለዚህ 128 ባይት ውስጥ የሚገባው 42 ፊደል ብቻ ነው። ኢ.ቲ. አሁን የት እንዳለ፣ ምን ያህል ጉልበት እንደቀረው፣ የስልኩ ቁርጥራጮች የት እንደተደበቁ፣ አሳዳጆቹ ወዴት እየሄዱ እንደሆነ፣ ይህ ሁሉ የሚያዘው አንዲት አጭር ዓረፍተ ነገር በምትቀመጥበት ቦታ ነው። ካርትሪጁ ላይ ያለው ጌም በሙሉ፣ ሥዕሉም ዜማውም ሕጉም ተደምሮ፣ 8 ኪሎባይት ነው። አሁን የምታነቡት ጽሑፍ ብቻውን፣ ያለ ምንም ፎቶ፣ ከዚያ በብዙ ይበልጣል።

ከዚህ የባሰው ደግሞ ማሽኑ የስክሪኑን ምስል የሚያስቀምጥበት ቦታ የሌለው መሆኑ ነው። የዛሬ ኮምፒውተር ምስሉን መጀመሪያ ሜሞሪ ላይ ሠርቶ ይጨርስና ከዚያ ወደ ስክሪን ይልከዋል። አታሪ 2600 እንዲህ ያለ ምቾት አያውቅም። በዚያ ዘመን የነበረው የአሜሪካ ቴሌቪዥን ምስል የሚሥለው በጨረር ነበር፤ ጨረሩ ከላይ ጀምሮ መስመር በመስመር እየወረደ 262 መስመር ይጨርሳል፣ ይህንንም በሰከንድ 60 ጊዜ ያህል ይደግማል። ፕሮግራመሩ ጨረሩ እየሄደ እያለ ቀጥሎ የሚመጣውን መስመር ማቀበል አለበት። ለአንድ መስመር ያለው ጊዜ 76 የፕሮሰሰር ምት ነው፤ በዚህ ውስጥ የሚፈጸመው ትእዛዝ ብዙ ቢባል አርባ አይሞላም። እንጀራ የምትጋግር ሴት ሊጡን ማፍሰስ ከጀመረች በኋላ መሀል ላይ ቆማ እንደማታስበው ማለት ነው፤ ካመነታች እንጀራው ይበላሻል።

ሂሳቡን ራሳችሁ ማጣራት ትችላላችሁ። 262 ሲባዛ በ60፣ ሲባዛ በ76፤ ወደ 1.19 ሚሊዮን ይመጣል። የፕሮሰሰሩ ፍጥነት ልክ ይኸው ነው፤ በሰከንድ 1.19 ሚሊዮን ምት። ከዚህ ውስጥ አብዛኛው የሚያልቀው ምስሉን ለመሣል ነው። ጌሙ «ለማሰብ» የሚተርፈው ጨረሩ ከሚታየው ክፍል ውጭ ሲሆን ያለችው ጊዜ ናት።

በዚህ ላይ በአንድ መስመር ላይ ማሽኑ በራሱ የሚያውቃቸው ተንቀሳቃሽ ነገሮች አምስት ናቸው። ስምንት ፒክስል ስፋት ያላቸው ሁለት ገጸ ባሕርያት፣ ሁለት «ጥይቶች» እና አንድ «ኳስ»። ስሞቹ ራሳቸው ማሽኑ ለምን እንደታሰበ ይነግሯችኋል፤ ለመተኳኮስና ለቴኒስ። ዋርሾ ግን በዚህ ማሽን ላይ ስለ ናፍቆት የሚናገር ጌም ለመሥራት ተነሣ።

ጌሙ ያሰበው ምን ነበር?

አሁን ጌሙን እንክፈተው። መጀመሪያ ላይ የኢ.ቲ. ፊት በትልቁ ይመጣል፤ የፊልሙ ዜማም ይሰማል። ለዚያ ማሽን ይህ ራሱ ያስደንቃል። ከዚያ መርከቧ ኢ.ቲ.ን ጫካ ውስጥ አውርዳው ትሄዳለች። እሱ ብቻውን ይቀራል።

የጌሙ ዓለም ስድስት ስክሪን ነው። ጫካው፣ ከተማው፣ እና በመካከላቸው ጉድጓድ የበዛባቸው አራት ሜዳዎች። ስክሪኖቹ የተገጣጠሙት እንደ ዳይ ስድስት ገጽ ነው፤ ከአንዱ ጠርዝ ብትወጡ በሌላው ትገባላችሁ። በሦስት ጉድጓዶች ውስጥ የስልኩ ሦስት ቁርጥራጮች ተደብቀዋል፤ ቦታቸው በየጨዋታው ይለዋወጣል። እነሱን ሰብስባችሁ፣ መደወል የሚቻልበትን ቦታ አግኝታችሁ ትደውላላችሁ፤ ከዚያ ጊዜው ሳያልቅ ጫካ ደርሳችሁ መርከቧን ትጠብቃላችሁ። በእያንዳንዱ እርምጃ ጉልበት ይቀንሳል። ሜዳው ላይ የተበተነውን ከረሜላ ትለቅማላችሁ። አንዱ አሳዳጅ ሳይንቲስት ነው፤ ከያዛችሁ ወደ ከተማ ይወስዳችኋል። ሌላው የመንግሥት ወኪል ነው፤ እሱ ደግሞ የሰበሰባችሁትን ይነጥቃል። ጉልበታችሁ ሲያልቅ ኤሊየት መጥቶ ያነሣችኋል።

እዚህ ላይ ቆም በሉ። በዚህ ጌም ውስጥ ማንንም አትተኩሱም፤ ማንንም አትገድሉም። ትፈልጋላችሁ፣ ትሸሻላችሁ፣ ትጠብቃላችሁ፣ ሰው ይረዳችኋል። መጨረሻ አለው፤ መጨረሻውም ወደ ቤት መሄድ ነው። በዚያ ዘመን የነበረው የጌም ዓይነት በአብዛኛው ጠላት እስኪጨርሳችሁ ድረስ ተኩሱ የሚል ነበር። ዋርሾ ፓክማንን ያልመረጠው ለዚህ ነው። የፊልሙን ልብ ለመያዝ ሞከረ። ይህን ሳንመዘግብለት ወደ ጥፋቱ ብንሄድ ፍርደ ገምድል እንሆናለን።

ጉድጓዱ

ጥፋቱ ያለው ጉድጓዱ ላይ ነው።

ሜዳው የተሣለው ከፊት ለፊትና በትንሹ ከላይ ሆኖ እንደሚያይ ሰው ነው። ኢ.ቲ. ቆሞ ይታያል፤ እግሩ ከታች፣ ጭንቅላቱ ከላይ። እንዲህ ያለ ሥዕል ስታዩ አእምሯችሁ ሳትጠይቁት አንድ ሕግ ያወጣል፤ ሰውየው የቆመው እግሩ ባለበት ነው፤ ከጭንቅላቱ ጀርባ ያለው ነገር ሩቅ ነው ይላል። ስለዚህ ኢ.ቲ. ከአንድ ጉድጓድ በታች በኩል ሲያልፍ ጭንቅላቱ የጉድጓዱን ምስል ቢሸፍን ምንም ማለት አይደለም። ከዛፍ ፊት ለፊት የቆመ ሰው ዛፉ ላይ አልወጣም አይደል?

ማሽኑ ግን ይህን ሕግ አያውቅም። የአታሪ 2600 የምስል ቺፕ ሁለት የተሣሉ ነገሮች አንድ ፒክስል ላይ ሲገናኙ ራሱ ይመዘግባል፤ ለፕሮግራመር ይህ ስጦታ ነው፤ በዚያ ጠባብ ጊዜ ውስጥ ግጭትን በሂሳብ ማስላት አያስፈልግም። ለጥይትና ለዒላማ ፍጹም ይሠራል። ለጉድጓድ ግን አይሆንም። ለቺፑ ቅርብና ሩቅ የለም፤ የተነካ ነገር ተነካ ነው። በኢ.ቲ. ጌም ውስጥ ማንኛውም የሰውነቱ ክፍል፣ ጭንቅላቱም ቢሆን፣ የጉድጓዱን ጫፍ ከነካ ይወድቃል።

ውጤቱን ተጫዋች ሆናችሁ አስቡት። እግራችሁ መሬት ላይ ነው። ዓይናችሁ «ደኅና ነህ» ይላችኋል። በድንገት ወደቃችሁ። ምን አጠፋሁ? ብላችሁ ትጠይቃላችሁ፤ ጌሙ አይመልስም። ከጉድጓዱ ለመውጣት ቁልፉን ተጭናችሁ አንገቱን አስረዝማችሁ ቀስ ብላችሁ ወደ ላይ ትንሳፈፋላችሁ። አፋፉ ላይ ትደርሱና ጆይስቲኩን ትንሽ ወደማይሆን አቅጣጫ ከገፋችሁ መልሳችሁ ትወድቃላችሁ። ወደ ሌላ ስክሪን ተሻገራችሁ እንበል፤ የገባችሁበት ቦታ ጉድጓድ አፍ ላይ ሊሆን ይችላል። እኔ በኢሙሌተር ስሞክረው በመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት ከሜዳው ይልቅ ጉድጓድ ውስጥ የቆየሁ መሰለኝ።

ብዙ ተቺዎች እዚህ ላይ ያቆማሉ፤ «ጉድጓዱ ያናድዳል» ይላሉ። ግን ልብ በሉ፤ በዚህ ጌም ውስጥ መውደቅ ቅጣት አይደለም። የስልኩ ቁርጥራጭ ያለው ጉድጓድ ውስጥ ነው። ካልወደቃችሁ አታገኙትም! ስለዚህ ችግሩ መውደቁ ሊሆን አይችልም። ችግሩ ፈልጌ ወደቅሁ በማለትና ሳልፈልግ ወደቅሁ በማለት መካከል ያለው ድንበር መጥፋቱ ነው። አንድ ጉድጓድ ግምጃ ቤትም ወጥመድም ሆኖ መሥራት ይችላል፤ የሚሠራው ግን ጫፉ የት እንደሆነ ተጫዋቹ በትክክል ካወቀ ብቻ ነው። በኢ.ቲ. ውስጥ ዓይን የሚያየው ጫፍና ማሽኑ የሚያውቀው ጫፍ የተለያዩ ናቸው። በሁለቱ መካከል ያለችው ጥቂት ፒክስል ናት የጌሙን ስም ያጠፋችው።

ይህ ስለ ጌም ብቻ የሚነገር ነገር አይደለም፤ ስለ መማር ነው። ሰው ከስሕተቱ የሚማረው ምን እንዳደረገና ምን እንደተከተለ ማገናኘት ሲችል ነው። ከባድ ጌም ሊወደድ ይችላል፤ ተጫዋቹ ሲሸነፍ «እዚህ ጋ ነው የተሳሳትኩት» ካለ ነገ ይመለሳል። የሽንፈቱ ምክንያት ካልታየው ግን ጥፋቱን ከራሱ ላይ ያነሣና ጌሙ ላይ ያኖራል፤ እውነትም አለው። ዋርሾ ራሱ ኋላ ላይ በሰጣቸው ቃለ ምልልሶች ተጫዋቹ ባላሰበው ሁኔታ ውስጥ በድንገት የሚገኝባቸው አጋጣሚዎች መብዛታቸውን አምኗል።

ሌላም ጉድለት አለ። ኢ.ቲ. ሲራመድ በስክሪኑ አናት ላይ ትናንሽ ምልክቶች ይለዋወጣሉ፤ ቀስት፣ የጥያቄ ምልክት፣ ሌላም። እያንዳንዱ ምልክት እዚያ ቦታ ላይ ምን ማድረግ እንደሚቻል ይናገራል። ሐሳቡ ብልህ ነው። ነገር ግን ከካርትሪጁ ጋር የመጣውን መመሪያ ያላነበበ ሰው ምንም አይገባውም። ፊልሙን አይቶ በገና ማለዳ ካርትሪጁን የሰካ የስምንት ዓመት ልጅ መመሪያ ያነባል ብሎ መጠበቅ የዋህነት ነው። ሳይንቲስቱ እየመጣ ወደ ከተማ መውሰዱም ሦስተኛና አራተኛ ጊዜ ሲሆን ትርጉም ያጣል፤ አያስፈራም፣ ያሰለቻል እንጂ።

ጥቂት ባይቶች

አሁን ወደ ሐኪሙ ሦስተኛ ጥያቄ እንምጣ፤ ይድናል ወይ?

ይድናል። በ2013 አንድ የጌሙ ወዳጅ የኮዱን ባይቶች አንድ በአንድ መርምሮ ማስተካከያውን ለሕዝብ አወጣ። ኢ.ቲ. በእግሩ ጉድጓዱን ካልረገጠ እንዳይወድቅ አደረገ። ጉልበቱ የሚያልቅበትን መንገድ አስተካከለ። አረንጓዴ የነበረውን የኢ.ቲ. ቀለም እንኳ ወደ ፊልሙ ቡናማነት መለሰ። ጌሙን ከመሠረቱ አላፈረሰም፤ አዲስ ስክሪን አልጨመረም፤ የነካው ከስምንቱ ኪሎባይት ውስጥ ጥቂቱን ነው።

ይህ ምን ይነግረናል? የጎደለው ተሰጥኦ አልነበረም፤ የጎደለው ማሽኑ ሊሸከመው የማይችል ነገርም አልነበረም። የጎደለው ጌሙን የማያውቅ ልጅ አጠገብ ተቀምጦ ዝም ብሎ ማየት ነበር። ሠሪው ጉድጓዱን ያውቃል፤ ጫፉ የት እንደሆነ እጁ ለምዶታል። እሱ አይወድቅም። የሚወድቀው ሌላ ሰው ነው። ያንን ሰው ማምጣትና የታየውን ማረም ሳምንታት ይፈልጋል፤ ሳምንታቱ ደግሞ አስቀድሞ በድርድር ጠረጴዛ ላይ ተበልተዋል። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል የሚለው ተረት እዚህ ጋ ልክ ገባ።

በሐቀኝነት ግን ልጨምር። የተስተካከለው ጌምም ድንቅ ሥራ አይሆንም። ሜዳዎቹ ይመሳሰላሉ፣ ፍለጋው ይደጋገማል፣ ሁለተኛው ዙር ከመጀመሪያው ብዙ አይለይም። ለኔ ደህና ጌም ነው፤ ከዘመኑ ቀድሞ ያሰበ፣ ያሰበውን ግን ሙሉ በሙሉ ያላደረሰ።

ኩባንያውን ያከሰረው እሱ ነው እንዴ?

አሁን ወደ ሁለተኛው ክስ። «ኢ.ቲ. አታሪን ገደለ» ይባላል። ይህ በሳይንስ ትምህርት ቤት ውስጥ በመጀመሪያ ከምናስተምራቸው ስሕተቶች አንዱ ነው፤ ሁለት ነገሮች ተከታትለው ስለመጡ አንዱ ሌላውን አመጣ ማለት።

ቀኖቹን እንያቸው። ጌሙ ገበያ የደረሰው በ1982 መጨረሻ ላይ ነው። ዋርነር የሚጠበቀው ትርፍ እንደማይገኝ ለባለአክሲዮኖች ያስታወቀው ዲሴምበር 7 ቀን 1982 ነው፤ በማግስቱ የአክሲዮኑ ዋጋ ሲሦ ያህሉን አጣ። ያልተሸጡት የኢ.ቲ. ካርትሪጆች ገና መደርደሪያ ላይ ናቸው፤ ገና እንኳ አልደረሰም። ስለዚህ ቤቱ መሰንጠቅ የጀመረው ጌሙ ከመመለሱ በፊት ነው።

ስንጥቁ ከየት መጣ? አንደኛ፣ ለአታሪ ማሽን ጌም የሚሠራው አታሪ ብቻ መሆኑ ቀረ። ከአታሪ የወጡ ፕሮግራመሮች በ1979 አክቲቪዥንን አቋቋሙ፤ እነሱን ያዩ ሌሎች ብዙዎች ተከተሉ፤ ገበያው በደካማ ካርትሪጅ ተጥለቀለቀ። ሁለተኛ፣ እንደ ኮሞዶር 64 ያሉ የቤት ኮምፒውተሮች ዋጋቸው እየወረደ መጣና ወላጅ «ጌም ብቻ ከሚያጫውት ይልቅ ትምህርትም ያለውን ልግዛ» ማለት ጀመረ። ሦስተኛ፣ የአታሪ የራሱ የምርት ስሌት። ከኢ.ቲ. ወደ 4 ሚሊዮን ካርትሪጅ እንደተመረተና መጀመሪያ ላይ 1.5 ሚሊዮን ያህል እንደተሸጠ ይነገራል። እስቲ አስቡት፤ 1.5 ሚሊዮን ቅጂ ለማንኛውም ጌም ትልቅ ሽያጭ ነበር። ጌሙ ኪሳራ የሆነው ማንም ስላልገዛው አይደለም፤ ለመብቱ የተከፈለውን ያህል ገንዘብ ለመመለስ ሲባል ከሚችለው በላይ ስለተመረተ ነው።

አታሪ በ1983 የደረሰበት ኪሳራ ከ500 ሚሊዮን ዶላር በላይ ነበር። ይህን ሁሉ 8 ኪሎባይት ላይ መጫን ይቻላል? በሚቀጥለው ዓመት ኩባንያው ተከፋፍሎ ተሸጠ። ኢ.ቲ. የበሽታው ምልክት ነበር፤ በሽታው ራሱ አልነበረም። ምልክቱ ግን ፊት ነበረው፤ ሁሉም የሚያውቀው የፊልም ፊት። ሰው ደግሞ የሂሳብ መዝገብ ከመክሰስ ፊት መክሰስ ይቀለዋል።

መላምትና አካፋ

የመቃብሩ ታሪክ የሚያስደስተኝ በአካፋ የተፈተነ በመሆኑ ነው። በ1983 መስከረም አካባቢ አታሪ ያልተሸጠ ዕቃውን ከቴክሳስ በጭነት መኪና ወስዶ ኒው ሜክሲኮ፣ አላሞጎርዶ ከተማ ቆሻሻ መጣያ ውስጥ ቀበረ። በጊዜው ጋዜጦች ዘግበውታል። ዓመታት ሲያልፉ ግን ዘገባው ወደ አፈ ታሪክ ተቀየረ። አንዱ «ሚሊዮን የኢ.ቲ. ካርትሪጅ አለ» አለ፤ ሌላው «ውሸት ነው፣ ምንም የለም» አለ።

ኤፕሪል 26 ቀን 2014 አርኪዮሎጂስቶች የተሳተፉበት ቁፋሮ ተካሄደ። ካርትሪጆቹ ተገኙ። ስለዚህ «ምንም የለም» ያሉት ተሳስተዋል። ነገር ግን የኢ.ቲ. መቃብር ነው ያሉትም አልተሳካላቸውም፤ ከጉድጓዱ ሌሎች ብዙ ርእሶች አብረው ወጡ፤ እንደ «ሴንቲፒድ» ያሉ ተወዳጅ ጌሞች ሳይቀሩ። በወቅቱ የቀብሩን ሥራ የመራው የአታሪ ኃላፊ የተቀበረው በጠቅላላው 728,000 ያህል ካርትሪጅ እንደሆነ ተናግሯል። ከኢ.ቲ. ካርትሪጆቹ አንዱ ዛሬ ስሚዝሶኒያን ሙዚየም ውስጥ ይገኛል። ሰው መጥፎውን ጌም ከዓይን ለመሰወር አልነበረም የቀበረው፤ የሞላ መጋዘን ነበር ያራገፈው። ጥሩውም መጥፎውም አንድ ላይ ነው የገባው።

ታዲያ ምን እንበል?

ይህን ሁሉ የጻፍኩት ለአንድ አሮጌ ካርትሪጅ ጠበቃ ለመቆም ብቻ አይደለም። «በታሪክ መጥፎው» የሚለው ፍርድ አንድ ጉዳት ስላለው ነው፤ ጥፋቱን አንድ ሰው ላይና አንድ ዕቃ ላይ ይጭንና መደርደሪያው ላይ ያስቀምጠዋል፤ ከዚያ ማንም ምንም አይማርም። 36 ቀን ብቻ የሰጠው ውል አይጠየቅም። 4 ሚሊዮን ይመረት ያለው ስሌት አይጠየቅም። እንግዳ ተጫዋች ፊት ሳይፈተን መውጣቱም አይጠየቅም። ፕሮግራመሩ ግን ለአርባ ዓመት ይሳቅበታል።

ከእናንተ መካከል ኮድ የምትጽፉ አላችሁ፤ ፎርም የምታዘጋጁ፣ አፕ የምትሠሩ፣ የመመረቂያ ፕሮጀክት ይዛችሁ ቀነ ገደብ የደረሰባችሁ አላችሁ። የሌላ ሰው ሥራ የምትተቹም ብዙ ናችሁ። ለሁላችሁም ከኢ.ቲ. የሚተርፍ አንድ ጥያቄ አለ፤ እናንተ የምታውቁት የጉድጓድ ጫፍና ተጠቃሚው የሚያየው ጫፍ አንድ ነው ወይ? ተጠቃሚ «ተጫንኩት፣ ግን ሌላ ነገር ሆነ» ሲላችሁ «አጠቃቀም አታውቅም» ከማለታችሁ በፊት አጠገቡ ተቀመጡና የት ላይ እንደሚወድቅ እዩ።

ጌሙን ደግሞ ሞክሩት። ኢሙሌተር ላይ በቀላሉ ይሠራል። መጀመሪያ መመሪያውን አንብቡ፤ አሳዳጆቹ የሚቀነሱበትን አማራጭ ምረጡና ጀምሩ። ከጉድጓዱ ስትወጡ አፋፉ ላይ አትቸኩሉ። ሦስቱን ቁርጥራጭ አግኝታችሁ፣ ደውላችሁ፣ ጫካው ውስጥ ቆማችሁ ሰዓቱ ሲቆጥር ወደ ላይ እያያችሁ የምትጠብቁባት ጊዜ አለች። መርከቧ ስትመጣ የሚሰማችሁን ልብ በሉ፤ ዋርሾ በ36 ቀን ውስጥ ሊደርስበት የሞከረው እሱን ነበር።